ኔት በሌለበት ኢሜይልና ኒውስግሩፕ በተርሚናል ማንበብ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የዘጌዋ መምህርት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዘጌ አይሲቲ አስተምራለሁ። እኔ ያለሁበት ቦታ ኔትወርኩ መጣ ሲሉት ይሄዳል። ጂሜይልን በብራውዘር ልክፈት ስል ገጹ ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ዳታው ግን ይቆጥራል። ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ባሕር ዳር እሻገራለሁ። እዚያ እህቴ ቤት ጥሩ ዋይፋይ አለ።

የምፈልገው ይሄ ነው። ቅዳሜ ደብዳቤዬን ሁሉ ላፕቶፔ ላይ ላውርድ። ሳምንቱን ዘጌ ሆኜ ላንብብና መልስ ልጻፍ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የጻፍኩት ይላክ። ሌላው፣ ስለ ሲ ቋንቋ የሚወያዩበትን «ኮምፕ ዶት ላንግ ዶት ሲ» የተባለ ኒውስግሩፕ መከታተል እወዳለሁ። በጉግል ግሩፕስ ነበር የማነበው፤ እሱ ግን ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከዩዝኔት (ኒውስግሩፖቹ ካሉበት ኔትወርክ) አዲስ ጽሑፍ አያመጣም።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ራሙ 2 ጊጋ ነው፣ ኡቡንቱ ተጭኖበታል። ተርሚናል አልፈራም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ፖሊ ግቢ

መምህርት፣ ያሰብሽው በደንብ ይሠራል። አንድ ፕሮግራም ያወርዳል፣ አንዱ ያስነብባል፣ አንዱ ይልካል። በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ማውረዱ ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

የሚያወርደው ኤምቢሲንክ ነው። ስትጭኚው ግን የጥቅሉ ስም አይሲንክ ነው። በኤምቢሲንክ ስም ብትፈልጊው ኡቡንቱ የለም ይልሻል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ሥራው ኢንቦክስሽን በአይማፕ (ደብዳቤን ከሰርቨር ማንበቢያ በሆነው ፕሮቶኮል) ከሰርቨሩ እያመሳሰለ እያንዳንዱን ደብዳቤ ለብቻው ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አቀማመጡ ሜይልድር ይባላል። አንዴ ከወረደ ኔት ኖረ አልኖረ ደብዳቤው እጅሽ ላይ ነው።

ጉግል የተለመደውን ፓስዎርድሽን ለእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም አይቀበልም። መጀመሪያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሪ፣ ከዚያ አፕ ፓስዎርድ የሚባለውን ባለ 16 ፊደል አውጪ። የኤምቢሲንክ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ፋይሉን ካንቺ ሌላ ሰው እንዳያነበው ፈቃዱን 600 አድርጊው። ደብዳቤው የሚቀመጥበትን ዋና ፎልደርም ራስሽ ቀድመሽ ፍጠሪ።

ሰርቨሩ «አይማፕ ዶት ጂሜይል ዶት ኮም» ነው፣ ፖርቱ 993። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የቆዩ መመሪያዎች ሁለቱን ወገኖች ማስተርና ስሌቭ ይሏቸዋል። ከአይሲንክ ስሪት 1.4 ጀምሮ ፋርና ኒር ተብለዋል። ፋር ሰርቨሩ ነው፣ ኒር ያንቺ ላፕቶፕ። ይህን ካወቅሽ የድሮውንም መመሪያ ማንበብ ትችያለሽ።

አሁን ዳታ ወደሚቆጥቡት መስመሮች እንምጣ። ፓተርንስ በሚለው ላይ ኢንቦክስን ብቻ ጻፊ። ጂሜይል ኦል ሜይል የሚባል ፎልደር አለው፤ ሁሉንም ፎልደር ካወረድሽ አንዱ ደብዳቤ ደጋግሞ ይወርዳል። ማክስሳይዝን በላፕቶፑ በኩል ባለው ስቶር (የደብዳቤ ማስቀመጫውን በሚገልጸው የማዋቀሪያው ክፍል) ሥር 500 ኪሎባይት አድርጊው። ከዚያ የሚበልጥ ደብዳቤ ሲመጣ በእሱ ቦታ ትንሽ ማስታወሻ ብቻ ትወርዳለች። ታይምአውት ካልነካሽው 20 ሰከንድ ነው፤ ለእኛ ኔትወርክ አይበቃም፣ 120 በዪው። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይ ኔት ቢቋረጥ አትደንግጪ። የሠራውን እየመዘገበ ስለሚሄድ ስትመለሺ ካቆመበት ይቀጥላል።

አንድ አደራ። ኤክስፐንጅ የሚለውን፣ የተሰረዘውን ጨርሶ የሚያጠፋውን መስመር ለጊዜው አትጻፊው። ካልጻፍሽው ኤምቢሲንክ በራሱ ምንም ነገር ለዘለቄታው አያጠፋም። ማመሳሰሉ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ስለሆነ «ቦዝ» ብለሽ ከጻፍሽ ግን ላፕቶፕሽ ላይ የሰረዝሽው ከሰርቨሩ ኢንቦክስም ይሄዳል። ሥራውን እስክትለምጂው ይቅር።

ሁሉም ሲያልቅ ኤምቢሲንክ ብለሽ፣ ክፍት ቦታ ትተሽ፣ ሰረዝና ትንሿን ኤ ጻፊ። ሁሉንም አምጣ ማለት ነው።

መልስ፦ ሽምብጥ ሰፈር

ለምን ይህን ሁሉ ትደክማለች? ተንደርበርድ እኮ ኢሜይሉንም ኒውስግሩፑንም ለኦፍላይን ያወርዳል። ያለ ኔት የተጻፈውንም አስቀምጦ በኋላ ይልካል።

መልስ፦ ፖሊ ግቢ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ይችላል። ላፕቶፑ ሻል ያለ ቢሆን እኔም እሱን እል ነበር። በ2 ጊጋ ራም ግን ከብራውዘር ጋር አብሮ ሲከፈት ይንቀራፈፋል። ማት የሚባለው ማንበቢያ በዚያው ማሽን ላይ ወዲያው ይከፈታል። ባትሪም ይቆጥባል፤ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መልስ፦ ጎርጎራ

እህቴ፣ ስለ መላኩ እኔ ልንገርሽ። እኔም ከሐይቁ ማዶ ሆኜ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ማት ራሱ ደብዳቤውን ለሌላ ፕሮግራም አሳልፎ ይሰጣል። እሱ ኤምኤስኤምቲፒ ይባላል። በቀጥታ ካገናኘሻቸው ኔት በሌለበት ላክ ስትይ ስህተት ይመልሳል። ስለዚህ መሀል ላይ ወረፋ አስገቢ። ከኤምኤስኤምቲፒ ጋር አብረው የሚመጡ ትንንሽ ስክሪፕቶች አሉ፤ የምሳሌዎች ፎልደር ውስጥ ታገኛቸዋለሽ። አንዱ ኤንኪው ይላል፣ ሌላው ራንኪው። በማት ማዋቀሪያ ሴንድሜይል በሚለው ቦታ ላይ የኤንኪውን አድራሻ አስገቢ። ከዚያ ዘጌ ሆነሽ ላክ ስትይ ደብዳቤው ወረፋ ፎልደሩ ውስጥ ይቀመጣል። ባሕር ዳር ስትደርሺ ራንኪውን ታስነሺና ሁሉም ተራ በተራ ይሄዳል።

ዋይፋይ ስታገኚ መጀመሪያ ላኪ፣ ከዚያ አውርጂ። ማውረዱ ጊዜ ይወስዳል፣ መሀል ላይም መብራት ሊጠፋ ይችላል። ሰው የሚጠብቀው መልስ ለሌላ ሳምንት መቆየት የለበትም። ሌላው፣ ጂሜይል የላክሽውን ራሱ ሴንት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ማት ሁለተኛ ቅጂ ወደዚያው እንዳያመጣ ኮፒ የሚለውን «ኖ» በዪው።

ምናልባት አንድ ቀን ዘጌም የሌሊት ጥቅል ገዝተሽ በክሮን (ፕሮግራምን በቀጠርሽለት ሰዓት በሚያስነሳው) ማውረድ ካማረሽ፣ ክሮን የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንዲነሳ ከፈለግሽ 3 ብለሽ ጻፊ። 9 ካልሽው ጠዋት 3 ሰዓት ክፍል ውስጥ እያለሽ ይነሳል።

መልስ፦ የድሮ ሞደም

ልጄ፣ ኒውስግሩፕ የሚያነብ ወጣት መኖሩን ሳይ በጣም ደስ አለኝ። ዩዝኔት በፈረንጆች 1979 ዲዩክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲያስቡት እንዲህ ሁልጊዜ የተያያዘ ኔትወርክ አልነበራቸውም። ኮምፒውተሮቹ በስልክ መስመር እየተደዋወሉ የተጠራቀመውን ይለዋወጡ ነበር። ያንቺ የቅዳሜ ጀልባም ያንኑ ሥራ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ነገሩ ከመሠረቱ ላንቺ ዓይነት ኑሮ የተመቸ ነው።

ማንበቢያው ስለርን ይባላል፤ ኤስ፣ ኤል፣ አር፣ ኤን። ለብቻው ሲሆን ሰርቨሩ ላይ ተገናኝቶ ነው የሚያነበው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ስለርንፑል የሚባለው ጓደኛው ነው። ኡቡንቱ ላይ ለብቻው ስለሚጫን ሁለቱንም ጫኚ።

ሰርቨር ትፈልጊያለሽ። ኢተርናል ሴፕቴምበር የሚባለው በነፃ ነው፣ መመዝገብ ብቻ ነው። ጽሑፍ ብቻ ስለሚይዝ ፊልምና ሥዕል መጥቶ ዳታሽን አይበላውም። የተመዘገብሽበትን ስምና ፓስዎርድ በስለርንፑል ፎልደር ውስጥ ኦትኢንፎ በሚባል ፋይል አስቀምጪ፤ መጀመሪያው መስመር ስሙ፣ ሁለተኛው ፓስዎርዱ።

ማዋቀሪያው አጭር ነው። የቡድኑን ስም ትጽፊያለሽ፣ ቀጥሎ ቢበዛ ስንት ጽሑፍ እንዲያወርድ፣ ቀጥሎ ከስንት ቀን በኋላ ያረጀው እንዲሰረዝ። ለምሳሌ 200 እና 30። ቁጥሩን ሳትወስኚ እንዳትጀምሪ፤ የቆየ ቡድን ብዙ ጽሑፍ አከማችቶ ይጠብቅሻል። ከዚያ ስለርን ራሱ ከሰርቨር ሳይሆን ከስፑሉ (ስለርንፑል ያወረደውን ከሚያስቀምጥበት ፎልደር) እንዲያነብ በማዋቀሪያው ውስጥ ንገሪው። ዘጌ ሆነሽ የምትጽፊው መልስ መውጫ ፎልደሩ ውስጥ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስለርንፑል ሲነሳ ራሱ ይልከዋል።

የምትከታተያቸው በኢሜይል የሚካሄዱ የውይይት ዝርዝሮችም (ሜይሊንግ ሊስት) ካሉ ጂሜን የሚባለውን ሰርቨር እዪው። ብዙ ዝርዝሮችን ልክ እንደ ኒውስግሩፕ ያስነብባል። ኢንቦክስሽ ይቀልልሻል።

መልስ፦ ፊደል ወዳጅ

ጋሼ ዋናውን ተናግረውታል፤ እኔ ስለ አማርኛው ልጨምር። ተርሚናሉ ዩቲኤፍ 8 ላይ መሆኑን አረጋግጪ። የግእዝ ፊደል ያለው ፎንት ጫኚ፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ጥሩ ናቸው። የእኛ ፊደላት ሰፊ ናቸው፣ ተርሚናሉ ግን ለእያንዳንዱ የአንድ የላቲን ፊደል ቦታ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ተጠጋግተው ወይ ተደራርበው ታይዋቸዋለሽ። ደብዳቤው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የፊደሉን መጠን ከፍ ስታደርጊ ለዓይን ይቀላል።

አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 3 ባይት ይይዛል፣ ለኢሜይል በቤዝ 64 ሲጠቀለል 4 ይሆናል። 1,000 ፊደል ያለው ረጅም ደብዳቤ 4 ኪሎባይት ገደማ ነው። ዳታ የሚበላው ጽሑፍ አይደለም፤ ፎቶና ፒዲኤፍ ነው። በአማርኛ እንደልብሽ ጻፊ።

የዘጌዋ መምህርት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቅዳሜ እህቴ ቤት ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ኢሜይሉም ኒውስግሩፑም ወርዷል፣ ዘጌ ሆኜ እያነበብኩ ነው። ጋሼ፣ የጻፍኩት መልስም መውጫው ውስጥ ተቀምጧል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዳንድ ደብዳቤዎች በድረ ገጽ ቋንቋ ስለተጻፉ ማት ላይ ኮዱ ነው የሚታየኝ። ሌላው፣ ስለ ፈተና የተላከልኝ አንድ ትልቅ ፒዲኤፍ አለ። እንዳላችሁት ማስታወሻዋ ብቻ ነው የወረደችው። ሙሉውን እንዴት ላምጣ? ማክስሳይዝን ላንሳው?

መልስ፦ ፖሊ ግቢ

አታንሺው። ማስታወሻዋ ላይ ቆመሽ ትልቁን ኤፍ ተጫኚ። ማት አስፈላጊ የሚል ምልክት ያደርግባታል። ኤምቢሲንክ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ያንን ምልክት ያይና ሙሉውን ደብዳቤ ከነፒዲኤፉ ያመጣልሻል። የቀሩት ትላልቆች እዚያው ሰርቨሩ ላይ ይቆያሉ። ዘጌ ሆነሽ አሁኑኑ ምልክት አድርጊባት፣ ቅዳሜ ራሷ ትወርዳለች።

ለኮዱ ደብልዩ 3 ኤም የሚባለውን የተርሚናል ብራውዘር ጫኚ። ሜይልካፕ በሚባለው ፋይል ውስጥ ኤችቲኤምኤል ሲመጣ በእሱ እንዲተረጎም ጻፊ፣ ማት ላይ ደግሞ ኦቶቪው የሚለውን ለኤችቲኤምኤል አብሪ። ጽሑፉ ተጣርቶ ይወጣል።

መልስ፦ ጎርጎራ

ደብልዩ 3 ኤምን ለመጫን እስከ ቅዳሜ መቆየት ካልፈለግሽ፣ ማት ላይ ደብዳቤው እንደተከፈተ ትንሿን ቪ ተጫኚ። የደብዳቤው ክፍሎች ይዘረዘራሉ። አብዛኛው ላኪ ከኮዱ ጎን ተራ ጽሑፉንም ስለሚልክ እሱን መርጠሽ ማንበብ ትችያለሽ።