መብራት ሲመጣ የፋየር አላርሙ ብሬከር ይጥላል
ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ጂ+7 ሕንፃ ኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። የፋየር አላርሙ ፓወር ሰፕላይ 24 ቮልት ነው፤ በሲሪየስ የታሰሩ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አሉት። የ220 ቮልቱ መስመር ለብቻው የመጣ ነው፦ 1.5 ካሬ ሽቦ፣ ባለ 6 አምፔር ቢ ዓይነት ብሬከር።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ብሬከሩ ይጥላል። ሁሌ ግን አይደለም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ማንም ሳያይ ባትሪው ያልቅና ሕንፃው ያለ አላርም ያድራል። በእጅ ስመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል፤ ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ የሚስበው ከ1 አምፔር በታች ነው። ባትሪዎቹን ነቅዬ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ሽቦውን በሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ለካሁት፣ ደህና ነው። ብሬከሩን በአዲስ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

ምክንያቱ ፓወር ሰፕላዩ ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበው ከፍተኛ ከረንት ይመስለኛል። ባለ 6 አምፔር ሲ ዓይነት ብሬከር (ለቅጽበታዊ ከፍተኛ ከረንት ከቢ ይልቅ የሚታገስ) ባደርግለት ይበቃል ወይስ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ይፈተሽ?