«የቅርስ ሌቦች» የተባሉት የአባይ በረሃ ድንጋይ ለቃሚዎች (ክርክር)

ወረኢሉ፦ ሰላም ጀመዓ። ትናንት ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ተነስተው «ከአባይ በረሃ ድንጋይ የሆነ የጥንት ባሕር እንስሳት ቅሪት እየለቀሙ ቤታቸው የሚደረድሩ ወጣቶች የቅርስ ሌቦች ናቸው» አሉ። አንጀቴ አረረ። ተማሪዎቼ እኮ ናቸው! ከመካነ ሰላም ቁልቁል ወርደው የሚያነሱት መሬት ላይ የወደቀውን ነው። ቦታውንና ቀኑን ይጽፉበታል። የክሬቴሺየስ ዘመን አሞናይት፣ ያ የጠፋው የባሕር እንስሳ ጥቅል ቅርፊት፣ ያገኘ ልጅ ይሸለማል እንጂ ሌባ ይባላል?

ጦሳ፦ ክሬቴሺየስ ማን አለህ መምህር? እዚያ ያለው ኖራ ድንጋይ ጁራሲክ ነው፣ ከክሬቴሺየስ የቀደመው ዘመን። በክሬቴሺየስ ባሕሩ ከኛ በኩል ሸሽቷል፤ ከኖራው በላይ ያለውን አሸዋ ድንጋይ ያመጣው ወንዝ ነው። የክሬቴሺየስ ባሕር ያማረው ኦጋዴን፣ ሙስታሂል ይውረድ።

ወረኢሉ፦ እሺ ጁራሲክ ይሁን። ይሄ ልጆቹን ሌባ ያደርጋል?

ጦሳ፦ ሌባ አላልኩም። ግን ዕድሜውን ሳያውቁ ስም መለጠፍ ምን ጥናት ነው? ደግሞ እዚያ የሚበዛው ቀንድ አውጣና ዛጎል ነው። የተጠቀለለ ሁሉ አሞናይት አይደለም።

ቦርከና፦ ጋሽ ጦሳ፣ ልጄ ከለቃሚዎቹ አንዷ ናት። የቀንድ አውጣ ውስጡ ወጥ ነው፣ አሞናይት ግን በግድግዳ የተከፋፈለ ነው፣ ግድግዳው ቅርፊቱን የሚነካበት መስመር እንደ ቅጠል ጠርዝ ይጥመለመላል ብላ ያስረዳችኝ እሷ ናት። አብሽሩ፣ ያውቃሉ።

ዳኛው፦ «መሬት ላይ የወደቀ» አያዋጣችሁም። ሉሲም በ1967 ስትገኝ መሬት ላይ ነበረች። ሐዳር ያኔ የኛው ወሎ ነው። ያገኛት ሰው «የወደቀ ነው» ብሎ ኪሱ ቢከታትስ? አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ ይነገር ይላል።

ወረኢሉ፦ ሉሲን ከቀንድ አውጣ ጋር? ገደሉ ራሱ እኮ ቀንድ አውጣ ነው! ማዶ ደጀን በኩል ያው ኖራ ድንጋይ በፈንጂ እየተናደ ሲሚንቶ ይሆናል። እሱ ልማት፣ የኛ ሌብነት?

ዳኛው፦ ሲሚንቶው ፈቃድ አለው።

ቦርከና፦ ኧረ ወዲያ! ባለፈቃዱ ሲያደቀው ድንጋይ፣ ልጄ ጥጥ ላይ ስታስቀምጠው ቅርስ?

ዳኛው፦ «መሬት ላይ የወደቀ» ያላችሁትን አሁንም አልመለሳችሁም። ነገ ነጋዴ መጥቶ በኪሎ ልግዛችሁ ቢላቸውስ? የወገል ጤናን የከበረ ድንጋይ፣ ኦፓሉን፣ አይተናል። ጥሬው ተቸበቸበ፣ ተሞርዶ ያተረፈው ሕንድ ነው።

ደላንታዬ፦ ወገል ጤናን ተውልን! ዋሻ እየተናደብን ሰው ቀብረን ነው ያወጣነው። ደግሞ ኦፓሉ ያለው እሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ከባሕር ጋር ምን አገናኘው?

ጦሳ፦ በዚህስ ልክ ነህ።

ወረኢሉ፦ እንግዲህ ለመንግሥት አስረክቡ ነው የምትሉት። የደሴ ሙዚየም በጦርነቱ እንዴት እንደተዘረፈ ረሳችሁት? ባለሙያ ይላኩልን፣ መዝገባችንን ይይ። እኛ አልደበቅንም።

ዳኛው፦ ሙዚየም ተዘረፈ ማለት ሁሉም ቤቱ ይውሰድ ማለት ነው?

ሚሌ፦ ቆይ ዳኛው፣ «የኛው ወሎ» ያልከው ምንድን ነው? ሐዳር አፋር ነው። ያኔም አሁንም።

ዳኛው፦ አስተዳደሩን ነው ያልኩት። የዚያን ጊዜ ካርታ አይተህ ተናገር።

ሚሌ፦ አጥንት ሲገኝ ወሎ፣ ድርቅ ሲመጣ አፋር!

ደላንታዬ፦ ድርቁንስ ለኛ ተወው ወንድሜ፣ በ77 ማን እንዳለቀ ታውቃለህ።

ቦርከና፦ እናንተ ካርታ ተከፋፈሉ። ልጄ ኃላፊው ያሉትን ሰምታ ሳጥኑን አልጋ ሥር ደብቃለች።

ዳኛው፦ «አልደበቅንም» አላሉም ነበር መምህር? እትዬ ቦርከና፣ በራስዎ አፍ ነው እንግዲህ።

ቦርከና፦ ከሰህ አስመስክር!