የማኅበሩ የታኅሣሥ 2019 የአፋር ጉዞ ረቂቅ ዕቅድ፦ የአባላት አስተያየት እስከ እሑድ ማታ

የጉዞ ክፍል፦ ረቂቁ ይኸው። ከታኅሣሥ 15 እስከ 19፣ አራት ሌሊት፣ 28 አባል። እስከ ሰመራ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሰባት ላንድክሩዘር አራት አራት ሰው። ስምንተኛው መኪና የወጥ ቤት ነው፤ ወጥ ቤቷ፣ መሪውና ሁለቱ ጥበቃዎች እሱ ላይ ይሄዳሉ። አንደኛው ሌሊት ሰመራ፣ ሁለተኛው ኤርታሌ፣ ሦስተኛው አፍዴራ ሐይቅ ዳር፣ አራተኛው በመልስ አዋሽ ፓርክ በድንኳን። ዳሎል ባለፈው ስብሰባ ወጥቷል፣ እንዳይነሳ። ሰኞ የመኪኖቹ ቀብድ መከፈል አለበት። ቀኑ የፈረንጆች ገና ላይ ስለሚውል ባለመኪና እኛን ብሎ አይጠብቅም።

የመገናኛው፦ ዳሎልን ማን አስወጣው?

ገንዘብ ያዥ፦ ቃለ ጉባኤውን አንብብ።

መካኒኩ፦ ረቂቁ ላይ ውኃ የሚባል ነገር የለም። ከሾፌሮቹ ጋር 40 ሰው ነን። ከሰመራ ወዲያ ሦስት ቀን ነው፤ በቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር ለመጠጥ ብቻ 600 ሊትር ይሆናል። ባለ ሁለት ሊትሩ፣ ስድስት ስድስት የታሸገው፣ 50 እሽግ ማለት ነው። ለማብሰያ በተጨማሪ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘጠኝ። ይሄን ሁሉ ወጥ ቤቱ መኪና ላይ እንዳትጭኑት። ክብደቱ አንድ ነገር ነው፣ ያቺ መኪና አሸዋ ላይ ከቀረች ደግሞ ውኃችሁም አብሯት ቀረ። በየመኪናው 75 ሊትር ይጫን።

ጎማ በየመኪናው ሁለት ሁለት ትርፍ፣ አንድ አይበቃም። የኤርታሌ ጥቁር ድንጋይ የሚቆርጠው የጎማውን ጎን ነው፣ ጎን ደግሞ አይለጠፍም። አሸዋ ላይ ወደ 20 ፒኤስአይ ይተንፍስ፣ ድንጋዩ ጋ ከመድረሱ በፊት ተመልሶ ይነፋ። በለሰለሰ ጎማ ድንጋይ ላይ ከወጣ ቸርኬውና ድንጋዩ መሀል ተቆንጥጦ ይፈነዳል። ስለዚህ መንፊያ ሁለት ይያዝ።

ሲስተር፦ ኤርታሌ አጠገብ ያለው እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ህዳር 14 ቀን 2018 ፈንድቶ አፍዴራን አመድ አልብሷታል። አስም ያለበት ሰው አሁኑኑ ይንገረኝ፣ እዚያ ደርሶ አይደለም። ማስክ ለሁሉም። ኦአርኤስ (ለፈሳሽ መተኪያ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት) በሰው ስድስት ከረጢት፤ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውኃ ነው፣ በግማሽ ሊትር በጥብጣችሁ እንዳትጠጡ። ሽንቱ የጠቆረ ሰው የእግር ጉዞውን አይጀምርም።

የሳሪሷ፦ ምግቡን ማን ነው የጻፈው? «ቁርስ፦ እንቁላል ፍርፍር» ይላል። ታኅሣሥ 15 እኮ ጾመ ነቢያት ነው፣ ከህዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ።

ወጥ ቤት፦ እንቁላሉ ለማይጾሙት ነው። ለሚጾሙት ሽሮና ድርቆሽ ፍርፍር አለ። እንጀራ በፌስታል ታስሮ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል፣ ድርቆሽ ግን አይበላሽም። በሶም አለ፣ ዳቦ ቆሎም።

የሳሪሷ፦ መጥበሻው ስንት ነው?

ወጥ ቤት፦ አንድ።

የሳሪሷ፦ እንቁላል በተጠበሰበት መጥበሻ የጾም ፍርፍር ልታበሉን ነው?

የመገናኛው፦ ይታጠባላ!

የሳሪሷ፦ በምን ውኃ? አሁን በሊትር ተቆጥሮ አልነበረም?

መካኒኩ፦ እውነቷን ነው። የኔ ሒሳብ ዕቃ ማጠቢያ የለበትም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለተኛ መጥበሻ በጀት ውስጥ የለም። ከየትኛው አርዕስት ላውጣ?

የመርካቶው፦ ለመጥበሻ ነው አርዕስት የምትፈልገው? ሁላችንም የጾም እንብላና ይለቅ። እኛም የሥጋ ባራኪ ማነው ከማለት እናርፋለን። የአፋሩ መሪና ጥበቃዎቹም አብረውን ይበላሉ።

የመገናኛው፦ እኔ ከፍዬ ለአምስት ቀን ሽሮ ልብላ? ቱና ይያዝ።

የሳሪሷ፦ ዓሣም አይበላም።

የመገናኛው፦ የሚበሉ አሉ።

የሳሪሷ፦ የሚበሉት ይብሉ፣ በራሳቸው መጥበሻ።

ወጥ ቤት፦ እንቁላሉን ቀቅዬ ላምጣው?

የመገናኛው፦ አዲስ አበባ የተቀቀለ እንቁላል አፍዴራ ላይ በሦስተኛው ቀን? ሲስተር፣ ምን ትያለሽ?

ሲስተር፦ አይሆንም።

ባለ ድንኳኑ፦ ሁለተኛ መጥበሻ ካለ ሁለተኛ ምድጃም ሊኖር ነው፣ አንድ እሳት ላይ ተራ ሲጠብቁ ረፋድ ይሆናል። ሁለተኛ ምድጃ ማለት ሁለተኛ ሲሊንደር ነው። ሲሊንደር ሰው ባለበት አውቶቡስ ውስጥ አይጫንም፣ ላንድክሩዘሩ ላይም ቆሞ ይታሰራል እንጂ አይጋደምም። ደግሞ የንፋስ መከላከያ ቆርቆሮ ያዙ፤ ያ ንፋስ እሳቱን እየገፋው ጋዙ በአንድ ቀን ያልቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ በቃ፣ መጥበሻው መኪና ሆነላችሁ።

የሳሪሷ፦ እርስዎ በላንጋኖው ጊዜ ለጄኔሬተር ገንዘብ አላጡም።

ገንዘብ ያዥ፦ የላንጋኖው ሒሳብ ተዘግቶ ተፈርሟል። ጥርጣሬ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ።

የመርካቶው፦ አበዳችሁ እንዴ።

ጋሽ ሰብሳቢ፦ ልጆች፣ ተው። ስለ ላንጋኖ የሚያወራ ከዚህ ይወጣል። መጥበሻውን እኔ ከቤቴ አመጣለሁ።

የሳሪሷ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን የእርስዎ ቤት መጥበሻ ቅቤ አልነካውም?

ጋሽ ሰብሳቢ፦ …

የጉዞ ክፍል፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ከሰመራ የይለፍ ፈቃድና መሪ ለማግኘት ከማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ማን አለ?

የአያቱ፦ እኔ። ሰመራ ዘመድ አለኝ። ሐሙስ ይዤ እወጣለሁ።

የጉዞ ክፍል፦ ተባረክ። የተሳፋሪ ስም ዝርዝርና የመታወቂያ ኮፒ አትርሳ።

ባለ ድንኳኑ፦ የእግር ጉዞው የት ነው? ከኤርታሌ ሥር ካለው ካምፕ ከዶዶም ከሆነ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ተነስቶ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ፍራሽ በግመል ይወጣል፣ የግንባር ባትሪ ግዴታ ነው። በአዲሱ መንገድ በመኪና እስከ አጠገቡ ከደረስን ግን «ሃይኪንግ» ብለን ሰው አንሰብስብ።

የጉዞ ክፍል፦ የትኛው ክፍት እንደሆነ ሰመራ ይነገረናል። የአያቱ ይጠይቅልናል።

የመርካቶው፦ ለምን ከጥምቀት በኋላ አይሆንም? ጥር 12 ወዲያ ጾም የለም፣ ረመዳን የሚገባው የካቲት መጀመሪያ ነው። የመጥበሻው ጣጣም ያበቃል።

የሳሪሷ፦ እደግፋለሁ።

የመገናኛው፦ በጥር አራት ቀን ፈቃድ የሚሰጠኝ አለቃ የለኝም። ሦስት ቀን ካልሆነ እኔ የለሁም።

መካኒኩ፦ በሦስት ቀን ኤርታሌ አይታሰብም። አዲስ አበባ ሰመራ 600 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ መንገዱ የጅቡቲ ኮንቴይነር የሚመላለስበት ነው፣ በሌሊት እዚያ አይነዳም። በመልስ ደግሞ ኬላ ላይ ሻንጣ በሻንጣ ይፈተሻል። አንድ ሰው ሰመራ አጠገብ ሎጊያ ላይ አንድ ካርቶን ዕቃ ከገዛ 28 ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል።

የጉዞ ክፍል፦ የአያቱ፣ ደብዳቤው ወጣ?

የጉዞ ክፍል፦ የአያቱ?

የመገናኛው፦ አዋሽ ላይ ብናበቃስ? አራተኛው ሌሊት ረቂቁ ላይ አለ። ሁለት ሌሊት እዚያው፣ ላንድክሩዘር የለ፣ ቀብድ የለ።

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮው ከግማሽ በታች ይወርዳል። 45ቱም ወንበር ይሞላል።

ባለ ድንኳኑ፦ ኤርታሌ ብለን አዋሽ? ሰው ምን ይላል?

የመርካቶው፦ ባነሩ ላይ «አፋር» ይበል። አዋሽ ፓርክም በከፊል አፋር ነው።

ባለ ድንኳኑ፦ ለእሱማ ባነር አለን! ቢያንስ ፈንታሌን እንውጣ፣ 2,007 ሜትር ነው።

መካኒኩ፦ በ2017 ጥር አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ያንን ሰፈር ሰንጥቆታል። ፓርኩን ሳትጠይቁ ፕሮግራም ላይ አትጻፉት። ፍልውሃው ጋም አውቶቡስ አይደርስም፣ መንገዱ ሻካራ ድንጋይ ነው፣ ሆዱን ይመታል። ፏፏቴው ጋ ወንዝ ዳር ስፈሩ። አዞ ስላለ ወደ ውኃው የሚወርድ የለም፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ሳይዝ የሚራመድም የለም። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ ቀን ጦጣ ትገባለች፣ ሌሊት ጅብ።

ሲስተር፦ አዋሽ ከሆነ አጎበር። ወባ አለ። ጫማ ጠዋት ጠዋት ሳይራገፍ አይደረግ፣ ጊንጥ ይገባበታል።

የጉዞ ክፍል፦ እሺ፣ ከጥር 14 እስከ 16፣ አዋሽ ፓርክ፣ 45 ሰው፣ ሁለት ሌሊት። የሚቃወም?

የሳሪሷ፦ ጥር 14 አርብ ነው።

የመገናኛው፦ ኧረ በፈጣሪ!

ወጥ ቤት፦ ለ45 ሰው ከሆነ መጥበሻ ሳይሆን ትልቅ ድስት ነው የሚያስፈልገኝ፣ ሽሮ በአንድ ጊዜ 3 ኪሎ የሚችል።

ጋሽ ሰብሳቢ፦ ቲሸርት ጥቁር አይሁን። የማኅበሩ ዓርማ ከፊት ነው ከኋላ?

ባለ ድንኳኑ፦ ከኋላ። የቦርሳ ማንገቻ ከፊት ይሸፍነዋል።

የመርካቶው፦ የቦርሳው ጀርባስ የኋላውን አይሸፍንም?

ገንዘብ ያዥ፦ የቲሸርት ገንዘብ በረቂቁ የለም። ለላንድክሩዘሩ ቀብድ እስካሁን 11 ሰው ከፍሏል፤ ይመለስላቸው ወይስ ወደ አዋሹ ይዙር የሚለውን የጉዞ ክፍል በጽሑፍ ያሳውቀኝ፣ በቃል አልቀበልም።