ከከሰል በኋላ፦ በፕሮፖዛላችን ረቂቅ ላይ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ነገሩ ሳይቋጭ ስለመሸብን እዚህ እንቀጥል። የከሰሉን ገቢ ለሚተካ ሥራ ለወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ፕሮፖዛል አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሐሳብ ይዘን መግባት አለብን። እስካሁን የቀረቡት ንብ፣ አፕልና የቀርቀሃ ሥራ ናቸው።

መነሻችንን ታውቁታላችሁ። የወረዳችን የፋግታ ለኮማ ገበሬ ኑሮው የተቃናው በደከረንስ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ገብሱም ጤፉም እምቢ ሲል፣ ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ደረሰልን። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መሀል ጤፍ እንዘራለን። ቀጥሎ ሣሩን እናጭዳለን። በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጠን እናከስላለን። ቆርቆሮ ቤት የሠራነውም ልጅ ያስተማርነውም በዚሁ ነው። ከዚያ ያ ዝገት የሚመስል በሽታ መጣ። ቅጠሉ ቡናማ ሆነ፤ ዛፉም ከጫፉ እየደረቀ ወረደ። እኔ ራሴ ሁለት ቃዳ መሬት ላይ የነበረኝን ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቆረጥኩት። የወጣው ከሰልም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ከዚህ የተማርኩትን ልናገር። ሁላችንም በአንድ ዛፍ ላይ ስለተደገፍን ዛፉ ሲወድቅ አብረን ወደቅን። አሁን ደግሞ ሌላ አንድ ነገር መርጠን ሁላችንም እንዳንጎርፍበት እሰጋለሁ።

አዲስ አበባ ያለ አባል፦
እኔ አሁንም አፕል እላለሁ። ደጋ ነን፣ ብርዱ አለን። ጋሞ ደጋ ያለችውን ጨንቻን ተመልከቱ፣ አገር ያወቀው በአፕል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ወንድሜ፣ የጨንቻ ነገር ግን ሁለት ገጽ አለው። ገበሬው ትልቁን ገንዘብ ያገኘው ከፍሬው ሳይሆን ከችግኝ ሽያጭ ነበር። ችግኝ ገዢው ሲበቃው ያ ገቢ ይቀንሳል። ፍሬው ደግሞ ዓመታት ያስጠብቃል። ከሰሉ ለቆመበት ቤት ሦስት አራት ዓመት ጠብቅ ማለት ከባድ ነው። የፈለገ በጓሮው ይትከል፤ በማኅበሩ ገንዘብ ግን አልስማማም።

የንብ አናቢው ልጅ፦
አባቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል። የሚሉትን ነው የምጽፈው። ስለረዘመ ይቅርታ።

«ቀፎ ከመግዛታችሁ በፊት ርጭቱን አስቁሙ» ነው የሚሉት። አምና ነሐሴ መጨረሻ አንድ ጎረቤታችን ባቄላው ላይ ማላታይን የሚባለውን የተባይ መርዝ ረጨ። ባቄላው አብቦ ነበር። የረጨውም ረፋድ ላይ ነው፣ ንቡ ሁሉ ወጥቶ ሲቀስም። ማታ ከቀፎዎቹ በር ላይ የሞተ ንብ በእፍኝ ጠረግን። ያልሞተው ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ይሽከረከራል። አባቴ ቁጭ ብለው ሲያዩት አመሹ። ከሰባት ቀፎ ሦስቱ ባዶ ቀሩ። ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደለም። የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። የአረም ማጥፊያው ቱፎርዲም ቢሆን ንቡን ወዲያው ባይገድል መቾውንና ማገቱን ያጠፋዋል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ንቡ የሚቀስመው ደግሞ እሱን ነው።

ሁለተኛው የቀፎው ዓይነት ነው። ከዚህ በፊት አንድ ድርጅት ዘመናዊ ባለ ፍሬም ቀፎ ሰጥቶን ነበር። ሥልጠናው አንድ ቀን ብቻ ነው። ፍሬሙ ላይ የሚደረገው፣ ንቡ ሥራውን የሚጀምርበት የታተመ ሰም አልመጣም። ማሩን ከፍሬሙ የምታወጣው ማሽንም አልመጣችም። ዛሬ ሁለቱ ቀፎ ጓሯችን ውስጥ ዶሮ እንቁላል ትጥልባቸዋለች። ቀፎው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ባህላዊው 5፣ 6 ኪሎ ሲሰጥ፣ ባለ ፍሬሙ በደንብ ከተያዘ 15፣ 20 ኪሎ ይሰጣል። ግን ብቻውን አይሠራም።

አባቴ የሚመርጡት ጨፈቃ ቀፎን ነው። ከቀርቀሃና ከባሕር ዛፍ ጭራሮ ይሠራል፣ በጭቃና በእበት ይለሰናል። ንቡ እንጀራውን፣ ማለትም የማሩን ሰፈፍ፣ የሚሠራው ከላይ በሚደረደሩት እንጨቶች ላይ ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ አንስተህ ታያለህ፣ የሌላውን ቤት አታፈርስም። ጥንቃቄ የሚፈልገው የእንጨቶቹ ስፋት ነው፤ 3.2 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ከሰፋ ወይም ከጠበበ ንቡ እንጀራውን ያጣምምና አንዱን ከሌላው ያጣብቀዋል። ከዚያ በኋላ ከባህላዊው አይለይም።

የቀርቀሃ ባለሙያው፦
ይሄን ሳነብ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። እኔ እንጅባራ መንገድ ዳር ወንበርና ጠረጴዛ እየሸጥኩ ነው የምኖረው። ሐሳቤን ለብቻው ያቀረብኩት ከንቡ ጋር እንደሚገናኝ ስላላሰብኩ ነው። ጨፈቃውን እኔና ሁለት ልጆች እዚሁ መሥራት እንችላለን። እንጨቶቹንም በልክ እንሰነጥቃለን።

አንድ ነገር ግን ረቂቁ ውስጥ ይግባ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርቀሃ አይቆረጥ። ለጋው ጣፋጭ ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል። አንድ ደንበኛዬ የገዛኝን ወንበር በዓመቱ ተሸክሞ መጣ። ሲያስቀምጠው ነጭ ዱቄት ከእግሩ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ የበሰለውን ብቻ ቆርጬ ውኃ ውስጥ ሳልነክር አልሠራም። ለመንከሪያ ጉድጓድና ላስቲክ እንፈልጋለን። ሌላው መሣሪያ አለኝ።

ከሳዑዲ የተመለሰች አባል፦
ስለ ሽያጩ ማንም አላነሣም። እኛ ሰፈር ማር ከነሰፈፉ ለጠጅ ቤት ይሄዳል። ዋጋውን የሚቆርጠው ጠጅ ቤቱ ነው። ሰሙም አብሮ ይሄዳል። እኛ ግን ማሩን አጣርተን፣ ሰሙን ለይተን ብናስቀር ሁለት ሸቀጥ ይሆናል። ሰሙ ለጧፍ ይፈለጋል። እዚሁ ዙሪያችን ስንት ቤተ ክርስቲያን አለ። ጧፍ መሥራት እናቴ ታውቃለች፣ ለሌሎች ሴቶችም ታስተምራለች።

ማሩ ሳይደርስ እንዳይቆረጥ ደግሞ አደራ። ንቡ በሰም ያልከደነው ማር ውኃ አለበት፣ ቆይቶ ይቦካል። በዓለም አቀፉ መስፈርት የማር እርጥበት ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም። መለኪያዋ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ናት። ከተማ ያለ ነጋዴ አንዴ የቦካ ማር ከደረሰው ሁለተኛ ስልክ አያነሣም።

አዲስ አበባ ያለ አባል፦
እሺ፣ አፕሉን ተውኩት። ጋሼ ስለ ርጭቱ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል። መለኪያዋን እኔ ከዚህ ገዝቼ እልካለሁ፣ በጀት ውስጥ አታስገቧት። ናሙናም ላኩልኝ፣ ሱቆች ላይ አሳያለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እግዜር ይስጥልን። እንግዲህ በኔ በኩል፦ በአንዴ 60 ቀፎ አንጠይቅ። በአሥር ቤት 30 ጨፈቃ ይበቃል። ለአንድ ቤት ሦስት ማለት ነው፤ አንዱ ባዶ ቢቀር ሁለቱ አሉ። ቀፎ የወሰዱት ቤቶች ማር ሲሸጡ የቀፎውን ዋጋ ይመልሳሉ፣ በዚያ ለሚቀጥሉት አሥር ቤቶች ይሠራል። መመለሱ በውል ይጻፍ። ስጦታ ሲሆን ምን እንደሚመጣ የዶሮዎቹን ነገር ሰምተናል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ረቂቁን እንደገና ጻፍኩት። ዋናው አንቀጽ ይህ ነው፦

«ማኅበሩ ከከሰል የቀነሰውን የአባላቱን ገቢ ለመተካት፣ የቀርቀሃ ሥራን፣ ንብ ማነብንና ጧፍ መሥራትን አያይዞ ይጀምራል። ቀፎው በአባላት እጅ ይሠራል። ማንኛውም ቀፎ ከመተከሉ በፊት የየአካባቢው ገበሬዎች ያበበ ሰብል ላይ ላለመርጨት፣ መርጨት ግድ ሲሆንም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለማድረግና ከአንድ ቀን በፊት ለንብ አናቢው ለመንገር ይስማማሉ።»

ደከረንሱን ነቅለን እንጣል አላልንም። በሽታው ያልነካው ያለው ይያዘው። በተቆረጠው መሬት ዳር ዳር ግን ግራዋና ብሳና እንትከል፣ ለንቡ ቀለብ ይሆናል።

የቀረን የርጭቱ ስምምነት ነው። በደብዳቤ የሚሆን አይመስለኝም። እድር ላይ ተነሥቶ የሚናገር ሰው ያስፈልገናል፣ ገበሬው የሚሰማው ሰው።

የንብ አናቢው ልጅ፦
አባቴ እኔ እናገራለሁ ብለዋል። ያንን ጎረቤታችንንም ይዘውት ይሄዳሉ፤ እሱም እሺ ብሏል። ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ገበያ ስትመጡ አንድ ጨፈቃ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። እንጨቶቹን በማስመሪያ ለክታችሁ እዩት።