የወፍጮ ሻፍት መወላገድን ለመቀነስ፦ ረቂቁን አብረን እናርመው

ሰብሳቢ፦ ሰላም ናችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ቶርኖ ቤቶች። ረቂቁ ይኸው፤ ስለ ሻፍት፣ ማለትም ወፍጮውን ስለሚያዞረው የብረት ዘንግ ነው። «ሻፍቶቻችን የሚወላገዱት ማሽኖቻችን ስላረጁ ነው። ማኅበሩ አዲስ ሌዝ (ብረት መላጫ) ማሽን ይግዛ።» ምን ትላላችሁ?

አባል፣ ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፦ ይቅርታ ሰብሳቢ፣ እኔ አልስማማም። በቅርቡ የሠራሁት ሻፍት በሁለት ሳምንት ኩሽኔታ (ሻፍቱ የሚዞርበትን ተሸካሚ ቀለበት) በልቶ ተመለሰልኝ። ባለወፍጮዋ እትዬ «ልጄ፣ ወፍጮው እስክስታ ይመታል» አሉኝ። አፈርኩ። እኔም መጀመሪያ ማሽኑን ነበር የረገምኩት። ዳያል ጌጅ (መዝለልን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ተውሼ ሳየው ግን ጥፋቱ የኔው ነው። አንዱን ጫፍ ጨርሼ ፈታሁት። ገልብጬ ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ (የማሽኑ ብረት መያዣ) ላይ አሰርኩና ሌላውን ላጥኩ። ያረጀ ቻክ እኮ 0.1 ሚሊ ሜትርም ሊስት ይችላል። ሁለቱ የኩሽኔታ ቦታዎች ሴንተራቸው (የሚዞሩበት መሃል) ተለያየ። አዲስ ማሽን ላይም ፈትቶ መገልበጥ ያው ጣጣ አለው።

አባል፣ ደሴ፣ ፒያሳ፦ እና መፍትሔው?

አባል፣ ኮምቦልቻ፦ ሁለቱንም ጫፍ ሴንተር በስቶ፣ በማሽኑ ሁለት ሹል ሴንተሮች መሃል ይዞ መላጥ። ቢገለበጥም ሴንተሩ አይለወጥም። ቻክ ግድ ከሆነ ባለ አራት መንጋጋውን በጌጅ እያዩ ማስተካከል ነው። ጊዜ ይበላል፣ አውቃለሁ።

አንጋፋ አባል፣ ደሴ፦ ልጆች፣ ንባቡን እንዳትሳሳቱ። ጌጁ ሙሉ ዙር ላይ 0.1 ካሳየ ሴንተሩ የሸሸው በ0.05 ነው። ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። ሁለቱ ጫፍ ቪ ብሎክ (የቪ ቅርጽ ያለው የብረት ማስቀመጫ) ላይ ተቀምጦ መሃሉ ከዘለለ ሻፍቱ ጎብጧል። ከፍ ያለውን ጎን በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ በፕሬስ ማቃናት ነው እንጂ ዝም ብሎ መላጥ ትርፉ ብረት ማቅጠን ነው። የቁልፍ ቦይ (ፑሊ ማሰሪያው ቁልፍ የሚገባበት ጎድጓዳ) እና ዝገት ላይም መርፌው ይዘላል፤ እሱን አትቁጠሩ።

አባል፣ ደሴ፣ ፒያሳ፦ የጌጁን ንባብ ገደብ 0.02 ሚሊ ሜትር እንበለው?

አንጋፋ አባል፦ ለወፍጮ 0.05 ይብቃን። 0.02 ብላችሁ ከጻፋችሁ ማንም አያከብረውም።

ሰብሳቢ፦ እሺ ጋሼ። እንዲህ ቀየርኩት፦ «ለየከተማው አንድ ዳያል ጌጅ ከነማግኔት መቆሚያው፣ አንድ ጥንድ ቪ ብሎክም ይገዛ። ከ0.05 በላይ የዘለለ ሻፍት ለደንበኛ አይሰጥም።» የማሽኑ ግዢ ለጊዜው ይቆይ። የኮምቦልቻው ወንድማችን፣ ያቺን የተመለሰች ሻፍት ቅዳሜ ይዘሃት ና፤ እሷ ላይ እንለማመዳለን።

አባል፣ ኮምቦልቻ፦ ዳገቱን ተሸክሜያት እወጣለሁ። ቡናው ግን በናንተ ነው።