ግሪኮች ስለ ናይል ሙላት የሰጡት ማብራሪያ፤ ጅማ ላይ እንዴት ይስተማር?

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል መምህር፣ ጅማ
የጥንት ግሪኮች ስለ ወንዝና ባሕር ያሰቡትን በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይቻላል? ሌላው ወንዝ በሚጎድልበት የሙቀት ወቅት ናይል ለምን እንደሚሞላ ቀርቦ ያስረዳው ማን ነው? የከተማችን ወንዝ አዌቱስ ምሳሌ ይሆናል? ወጪ የሌለው ሙከራም ብትጠቁሙኝ።

መልስ 1
መምህር፣ ከግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ከሄሮዶቱስ ይጀምሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ሦስት ማብራሪያ ጠቅሶ ሦስቱንም ይጥላል። የሰሜን ነፋስ ወንዙን ወደ ባሕር እንዳይገባ ያግደዋል ለሚሉት (ሐሳቡ የፈላስፋው የታሌስ ነው ይባላል) መልሱ፣ ነፋሱ በቀረበት ጊዜም ይሞላል፤ በዚያው ነፋስ ፊት የሚፈሱ ሌሎች ወንዞችስ ለምን አይሞሉም? የሚል ነው። ከውቅያኖስ ይመጣል የሚለውን በአጭሩ ያልፈዋል።

ተማሪዎቹ ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባው ሦስተኛው ነው፤ ፈላስፋው አናክሳጎራስ የያዘው የበረዶ መቅለጥ። ሄሮዶቱስ በረዶ ከጣለ በ5 ቀን ውስጥ መዝነብ አለበት፣ ወንዙ የሚመጣበት አገር ግን ዝናብ የለውም አለ። አካሄዱ ጥሩ፣ መነሻው ስሕተት! ሙላቱ ቀኑ ከሁሉ ከሚረዝምበት ዕለት ጀምሮ 100 ቀን እንደሚጨምርም ጽፏል። ከሰኔ 14 ያስቆጥሯቸው፤ መስከረም 19 ላይ ያርፋል። ክረምታችን ነው። በኋላ ግሪካዊው ምሁር ኤራቶስቴንስ መንስኤው የኢትዮጵያ ዝናብ መሆኑን ተናግሯል። የእነሱ «ኢትዮጵያ» ግን ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ሁሉ እንደነበር ያስታውሷቸው።

መልስ 2
አዌቱ ለናይል አይሆንም። በግልገል ጊቤ፣ በጊቤና በኦሞ አድርጎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ወደ ዓባይ የሚወርደው ዴዴሳ ነው።

አዌቱ የሚጠቅመው ለሌላው የግሪኮች ጥያቄ ነው፤ ወንዞች ሁልጊዜ እየገቡበት ባሕር ለምን አይሞላም? ፈላስፋው አሪስቶትል ፀሐይ ቀላሉንና ጣፋጩን (ጨው የሌለውን) ውሃ ታነሳለች፣ እሱም ዝናብ ሆኖ ይመለሳል፣ ጨዋማው ከባድ ስለሆነ ይቀራል ብሏል። ቱርካና መውጫ የለውም፤ ውሃው በትነት ሲሄድ ጨው እዚያው ይከማቻል። የጨው ምንጭ ከምድር የሚወጣ ደረቅ ትንፋሽ ነው ማለቱ ግን ትክክል አይደለም፤ ጨዉን ከድንጋይና ከአፈር አሟሙተው የሚያመጡት በዋናነት ወንዞቹ ራሳቸው ናቸው።

መልስ 3
ለሙከራው አሪስቶትል የጠቀሰው፣ በጨው ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው እንቁላል ይበቃል። ትኩስ (ያልቆየ) ጥሬ እንቁላል ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይስጠም። አውጥተው 70 ግራም ደቃቅ ጨው፣ ማለትም 4 የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ በዚያው ውሃ፣ ለብ አድርገው፣ በደንብ አሟሙተው እንቁላሉን ይመልሱት፤ ይንሳፈፋል። ብዙ ሰው የባሕርን ልክ፣ በሊትር 35 ግራም፣ ይጨምርና አልሠራም ይላል፤ ያ መጠን ለትኩስ እንቁላል አይበቃም። የቆየ እንቁላል ደግሞ ውስጡ አየር ስለሚበዛ ያለ ጨውም ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ ቀድመው ይፈትሹት።

የአሪስቶትልን የሰም ዕቃ ሙከራ ግን ይተዉት። የተዘጋ የሰም ዕቃ ባሕር ውስጥ ቢቀመጥ ጣፋጭ ውሃ ይሰርግበታል ይላል፤ ሰም ግን ውሃ አያሳልፍም። በምትኩ ጨው ያለበት ውሃ በክዳን ድስት ያፍሉና ከክዳኑ የሚወርደውን ጠብታ በንጹሕ ማንኪያ ሰብስበው ያቅምሷቸው። እሳቱ ቀስ ያለ ይሁን፤ ከተንተከተከ ጨዋማው ውሃ ክዳኑ ላይ ይረጭና ጠብታው ጨው ጨው ይላል።