የመለያየት ዘፈኖች ለታዳጊዎች፦ ማጽናኛ ወይስ ቁስል ማመርቀዣ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄያችን፣ አብዛኛው ክፍሉ ስለ ፍቅር መለያየት የሚያዜም የፖፕ አልበም ለአሥራዎቹ ዕድሜ አድማጮች ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚል ነው። ክርክሩ መጨበጫ እንዲኖረው አንድ ሥራ እንያዝ፤ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ኦሊቪያ ሮድሪጎ በ18 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ያወጣችውን «ሳወር» የተሰኘ አልበም። አሥራ አንድ ዘፈኖች አሉት፤ ተደምረውም 35 ደቂቃ አይሞሉም። በቀጣዩ ዓመት የግራሚን የሙዚቃ ሽልማት አግኝቷል፤ ሽልማቱን ግን እንደ ማስረጃ ማንም እንዳያቀርብብኝ አደራ እላለሁ።

ወላጅ፦ እኔ አይበጅም ከሚሉት ወገን ነኝ። ብዙ ሰው ወላጅ ሲቃወም ስድብ ሰምቶ የደነገጠ ይመስለዋል። ለስድቡ ማስጠንቀቂያ አለው፤ የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ጸያፍ ቃል ባለባቸው ሥራዎች ላይ ምልክት ለማኖር ከተስማሙ ወዲህ፣ ወላጅ ማየት ከፈለገ ያያል። እኔን የሚያሳስበኝ ምልክት የሌለው ነገር ነው። ገና ማንንም ያላፈቀረች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ መከዳት ምን እንደሚመስል፣ የተወሽ ሰው ከሌላ ጋር ሲታይ እንዴት እንደሚያንገበግብ፣ ራስሽን ከዚያች ከሌላዋ ጋር እንዴት እንደምታስተያዪ አስቀድማ በቃሏ ትይዛለች። ፍቅርን ሳታውቅ የፍቅርን ለቅሶ ትማራለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የራሷን ፍቅር የምትመለከተው በዚህ መስኮት አይደለምን?

የሙዚቃ መምህር፦ የወላጇን ስጋት አከብራለሁ፤ ነገር ግን አልበሙን በሙሉ ያዳመጡት አይመስለኝም። የመጀመሪያው ዘፈን ስለ ፍቅረኛ አንድም ቃል የለውም፤ በሚጮህ ጊታር ታጅቦ የአሥራ ሰባት ዓመት ሰው መሆን ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያማርራል። ሦስተኛው፣ የመኪናን የማስጠንቀቂያ ድምፅ አስቀድሞ በፒያኖ የሚነሣው፣ እውነተኛ እንጉርጉሮ ነው፤ ይህን አልክድም። ስድስተኛው ላይ ግን ሐዘኑ ወደ ቁጣ ይለወጣል፣ ከበሮውም ይፈጥናል። በሰባተኛው ዘፋኟ ሰውየውን ለማስደሰት ብላ ራሷን እንደለወጠች ትናዘዛለች፤ ዘጠነኛው ራስን ከሌሎች ጋር እያነጻጸሩ መኖር የሚያስከትለውን ቅናት ይነካል፤ አሥረኛው ላይ በጉዳዩ የእርሷም እጅ እንዳለበት ታምናለች። ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማሳየው ግን አሥራ አንደኛውን ነው። እዚያ ፍቅረኛው የለም፤ ዘፋኟ የምታስበው ቤተሰቦቻቸው በወጉ ያልወደዷቸውን የቀድሞ ወዳጆቿን ሲሆን፣ ደኅና ይሆኑ ዘንድ ትመኛለች። በራሷ ሕመም ተውጣ የጀመረች ልጅ የሌላውን ሕመም እየጠየቀች ትጨርሳለች። ይህን ቅደም ተከተል ለታዳጊ ማሰማት እንዴት ጉዳት እንደሚሆን አይገባኝም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦ መምህሩ የገለጹት ጉዞ እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን አሥራ አንዱንም በተራ ለሚሰማ ሰው ብቻ ነው። በሙያችን ማልቀስና ማብሰልሰል ይለያያሉ። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ባሳተመቻቸው ጽሑፎች እንዳስረዳችው፣ ያዘነ ሰው «ለምን እንዲህ ሆንኩ» የሚለውን ጥያቄ ያለ መፍትሔ ሲያመላልስ የከፋው ስሜቱ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። አሁን የዘፈኖቹን ዘመን እንመልከት። ያ ሦስተኛው እንጉርጉሮ ብቻውን የወጣው በጃንዋሪ 2021 ነው፤ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሠንጠረዥ ለስምንት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። አልበሙ የመጣው ከአራት ወራት በኋላ ነው። እንግዲህ በእነዚያ ወራት ስልኳ ላይ የመደጋገሚያውን ምልክት ተጭና ስታዳምጥ የከረመች ልጅ ዘንድ፣ መምህሩ የሚያወድሱት የመጨረሻው ዘፈን ጨርሶ አልደረሰም ነበር። አልበሙ ወደፊት ይሄዳል፤ መደጋገሚያው ግን እዚያው ያዞራል። ስለዚህ እኔ የምከስሰው አልበሙን ሳይሆን አደማመጡን ነው።

የሙዚቃ መምህር፦ ይህን ነጥብ ተቀብያለሁ። አልበምን እንደ አልበም የሚሰማ ተማሪ በየዓመቱ እያነሰብኝ ነው፤ ምናልባት የተከላከልኩት እነርሱ የማይሰሙትን ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ወላጅ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሦስተኛው ዘፈን የማንንም ስም አይጠራም፤ አድማጩ ግን «ልጁ ማን ነው፣ ሌላዋስ ማን ናት» እያለ እውነተኛ ሰዎችን ሲያሳድድ ከረመ። የተለያዩ ሁለት ወጣቶችን ጉዳይ ሚሊዮኖች ሲዳኙት ልጆቻችን ከዚህ ምን ይማራሉ?

አወያይ፦ ይህ ለብቻው ክርክር የሚገባው ጉዳይ ነውና እናቆየው። ከታዳጊዎቹ ወገን የሆነች አንዲት አድማጭ ዕድል ጠይቃለች።

ወጣት አድማጭ፦ አመሰግናለሁ። ስለ እኔ ሲወራ ቆይቷልና ስለ ራሴ ልናገር። አልበሙ ሲወጣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የተለየኝም ፍቅረኛ አልነበረም። የተለየችኝ ከልጅነት ጀምሮ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ነበረች፤ አንድ ቀን ከሌሎች ልጆች ጋር ሆና እንዳላየችኝ አለፈችኝ። ለእንዲህ ያለ መለያየት የተዘፈነ ዘፈን አላገኘሁም፤ ስለዚህ የፍቅሩን ዘፈን ለእርሷ አደረግሁት። ባለሙያዋ እንዳሉት ሦስተኛውን ለሁለት ሳምንት ያህል ደጋግሜዋለሁ። ወይዘሮዋ ፍቅርን ሳያውቁ ለቅሶውን ይማራሉ አሉ፤ እኔ ግን ለቅሶውን አስቀድሜ አውቀው ነበር፣ ያጣሁት ቃሉን ነበር።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦ እኅቴ፣ ሁለቱ ሳምንታት ሦስት ወር ያልሆኑት በምን ምክንያት ይመስልሻል?

ወጣት አድማጭ፦ ታላቅ እኅቴ ከግድግዳው ማዶ ስትሰማው ሰለቻት። በሩን ከፍታ ገባችና «ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። አላውቀውም ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አራተኛውን ከፈተችው።

ወላጅ፦ እኔ እንግዲህ ከግድግዳው ማዶ ስሰማ ድምፁን ቀንሺ ነበር የምለው።